ረጅሙ ጎን ወደ ውስጥ፦ ከጉኑኖ ኬላ እስከ ኦኪናዋ ጉሱኩ

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወላይታ ሶዶ ባለው የባህል ቢሯችን የቅርስ መዝገብ እየገለበጥኩ ሳለ ኃላፊያችን አቶ ማርቆስ ከክፍላቸው ብቅ ብለው «ምሕረት፣ ጃፓኖቹ ጠርተውሻል» አሉኝ። ከወራት በፊት ሞልቼ የላክሁት ቅጽ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ከተለያዩ አገሮች የተመረጥን ስምንት ሰዎች ኦኪናዋ በምትባል ደሴት ስለ ድንጋይ ካብ አጠባበቅ ለስድስት ቀን ልንማር ነው። ደሴቲቱ ዛሬ የጃፓን ናት እንጂ ድሮ ሪዩኪዩ የሚባል የራሷ መንግሥት ነበራት። ነገሥታቷና ባላባቶቿ በየኮረብታው አናት ያሠሯቸው በድንጋይ የታጠሩ ምሽጎች አሁንም ቆመዋል። ጉሱኩ ይባላሉ።

ቢሮው ውስጥ የነበረው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ መዝገቡን ዘጋሁና መልሼ ከፈትኩት።

የአቶ ማርቆስ ደስታ ምክንያት ነበረው። «እንግዲህ ያ ወረቀትሽ አለቀለት» አሉ። «የጃፓን ባለሙያ ደግፎታል ብለሽ አንድ መስመር ትጨምሪበታለሽ። ከዚያ ወዲያ ማን ይከራከርሻል?»

ወረቀቱ ይህ ነው። ከጉኑኖ ወዲያ፣ ወላጆቼ በሚኖሩበት ቀበሌ፣ በወላይታ ነገሥታት ዘመን የተካበ የድንጋይ አጥር አለ፤ ኬላ እንለዋለን። ጭቃም ኖራም የለውም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው የቆመው። አባቴ እንደ አባቱ፣ ማንም ሳያዘው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠግነው ኖሯል። ባለፈው ክረምት ሠላሳ እርምጃ ያህሉ በአንድ ሌሊት ተናደ። መልሶ እንዲሠራ ጥናቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በሲሚንቶ ይሠራ ብዬ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው። ስለ ሲሚንቶ የማውቀው የቢሯችን መሐንዲስ ከነገረኝና ኢንተርኔት ላይ ካነበብኩት አያልፍም። የቀበሌው ስብሰባ ጥናቱን ሲቀበል አባቴም እጁን አውጥቷል። የቀረው የመሐንዲሱ የመጨረሻ ፊርማ ነበር፤ እሱም እኔ እስክመለስ ሊቆይ ተስማሙ።

ቪዛው ወጥቶ፣ በጉዞዬ ዋዜማ ረቡዕ ልሰናበት ወደ ጉኑኖ ሄድኩ። አባቴ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጦ የዶማ እጀታ እየላገ ነበር። ከስብሰባው ወዲህ ኬላው ጋ አንድ ቀን እንኳ እንዳልሄደ እናቴ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

«አባ፣ ስለ ሲሚንቶው ምን ታስባለህ?» አልኩት።

«እጄን አውጥቼ የለ?»

«አውጥተሃል።»

«ስምሽ ያለበት ወረቀት ነው። የልጄን ስም በሰው ፊት ልጥል ኖሯል?» እጀታውን አዙሮ አየው። «ሲሚንቶ አላውቅም። ውኃ ግን አውቃለሁ። ውኃ መውጫ ከነፈግሽው ራሱ ይሠራል።»

ሌላ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁትም። ጉዞዬ የጀመረው በዚህ ዝምታ ነው ማለት ይቻላል።

ሐሙስ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሶዶ መነኸሪያ ነበርኩ። ሻንጣ ስላልነበረኝ ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ የራሳቸውን አውሰውኛል። አባታቸው ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ የያዙ ሰው ናቸው። «መካ ደርሶ የመጣ ሻንጣ ነው፤ ጃፓን አይከብደውም» አሉኝ። ዚፑ ስለማይዘጋ በገመድ ጠፍረውልኛል። ሱቃቸውን ጥለው በጨለማ እስከ አውቶቡሱ ድረስ የተሸከሙልኝም እሳቸው ናቸው።

ቦዲቲ ስንደርስ ነጋ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ጃፓን ማለት አፍሬ «አዲስ አበባ» አልኳቸው። «ለሕክምና ነው?» አሉኝ፣ ገመድ የታሰረውን ሻንጣና ፊቴን እያዩ። «አይ፣ ለትምህርት» ስላቸው፣ ከዘንቢላቸው ሁለት የተቀቀለ ስኳር ድንች አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩ። «ትምህርትም ያስርባል» አሉ። በሀላባና በቡታጅራ አድርገን አዲስ አበባ ገባን፤ ማታውኑ ተሳፈርኩ። ስለ አውሮፕላኑ የምጽፈው የለኝም። ሦስት ጊዜ ተሳፍሬ ሦስት ጊዜ ወረድኩ፤ በመሐል ዓርብ የሚባል ቀን አለፈ።

ቅዳሜ

ናሃ የኦኪናዋ ትልቋ ከተማ ናት። የጉምሩኩ ሠራተኛ የሻንጣዬን ገመድ ፈትቶ ዕቃዬን አየና መልሶ አሰረው። ሲጨርስ የጋሽ ሸምሱን ቋጠሮ በሚያስንቅ ሁኔታ፣ እንደ ስጦታ ዕቃ፣ በአበባ ቅርጽ ቋጥሮት ነበር። ደጅ ላይ ማዮ የተባለች አስተርጓሚ ስሜን በፊደላችን ጽፋ ይዛ ቆማለች። «ረ» ተገልብጣለች። አላረምኳትም። በሰው አገር ስሜን በፊደሌ ማየቴ በቂ ነበር።

ታክሲው ጋ ስንደርስ በሩን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ራሱ ተከፈተ። ገብቼ ልዘጋው ስታገል ሾፌሩ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። ማዮ ሳቀች፤ «ተዪው፣ መዘጋት ያውቃል እያለሽ ነው» አለችኝ። የሶዶ ባጃጅ በር የለውም፤ የጃፓን ታክሲ ደግሞ በሩን ለሰው አይተውም። የኔ እጅ ለሁለቱም ሳያስፈልግ ቀረ።

ባሕር ያየሁት ያን ቀን ነው። ከሶዶ አቀበት ላይ ሆኜ አባያ ሐይቅን ሳይ ነው ያደግሁት፤ አባያ ግን ማዶ አለው። ይኼኛው ማዶ የለውም። ወደ ሰሜን ስንነዳ መንገዱ ዳርና ዳር ሸንኮራ አገዳ ነው፤ እየታጨደ። ከሥሩ የተገለጠው አፈር እንደ ቦዲቲ አፈር ቀይ ነው። በቀዩ አፈር ልቤ ረጋ።

ማደሪያዬ መንደር ውስጥ፣ አንዲት ባልቴት ቤት ነበር። በዚያ አገር አሮጊት ሴትን ኦባ ብለው ይጠራሉ፤ እኔም ኦባ አልኳት። እኛ ቤት ደጁ መስክ ነው፤ እንግዳ ከሩቅ ይታያል። የኦባ ደጅ ላይ ግን ከበሩ ፊት ለፊት አጭር የድንጋይ ግድግዳ ስለቆመ፣ ዞረው ካልገቡ ቤቱ አይታይም። ግድግዳውን ዳሰስኩት፤ ነጭ፣ ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይ ነው። በድንጋዩና በድንጋዩ መሐል ምንም የለም።

ኦባ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ማዮም ወደ ቤቷ ሄዳለች። ስለዚህ ኦባ በራሷ ቋንቋ ስታወራኝ እኔ በወላይትኛ መለስኩላት። ለሁለታችንም ያው ነበር። ችግር የመጣው እራት ላይ ነው። ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ የቀረበው የአሳማ ሥጋ ነበር፤ አልበላም። አልበላም ማለትም አልቻልኩም። ሩዙን በልቼ ሥጋውን በሳህኑ ክዳን ሸፈንኩትና እጅ ነስቼ ተነሣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ክዳኑን ስትከፍት እየታየኝ አፈርኩ።

እሑድ

ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ጎደሬ ቀርቦ አገኘሁ። ስኳር ድንቹ ውስጡ ሐምራዊ ነው፤ ጣዕሙ ግን የኛው ነው። ወላይታን ያላወቀ ሰው የዚያን ጠዋት ደስታዬን አይረዳልኝም። ኦባ ስለ ሥጋው አንድ ቃል ሳትናገር ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስበላ አየችኝ። ስልኬን አውጥቼ የእናቴን የእንሰት ማሳ አሳየኋት። ጮክ ብላ ሳቀችና እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። እዚያ እንሰት ቆሟል። እንሰት አይደለም፤ ፍሬው የማይበላ የሙዝ ዘመድ ነው። ግንዱን ፍቀው ቃጫ ያወጡለታል፣ ቃጫውን ፈትለው ልብስ ይሸምኑበታል። እናቴ ብታይ «ቆጮውን የት ጣሉት?» ትል ነበር።

ከሰዓት በፊት ወደ ሹሪ ወሰዱን፤ የድሮዎቹ ነገሥታት መቀመጫ ነው። ቤተ መንግሥቱን ከጥቂት ዓመታት በፊት እሳት በልቶት መልሰው እያነጹት ነበር። ቅጥሩ ግን አለ። ማዕዘን የለውም ማለት ይቻላል፤ እንደ ነጠላ ጥለት እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ሌሎቹ ፎቶ ሲያነሡ እኔ የሲሚንቶ መስመር ፈለግሁ። አላገኘሁም። አስጎብኚያችን ከፊት ከሚታየው ድንጋይ ኋላ ከአንድ ክንድ በላይ ጠጠር እንደተደረደረ፣ የዝናቡ ውኃ በዚያ ሰርጎ በድንጋዮቹ መሐል እንደሚወጣ ነገረችን። ማስታወሻዬ ላይ ቃል በቃል ጻፍኩት። የእኔ ጥናት ላይ «የሲሚንቶ ሙሌት» የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ አለ።

ሰኞ ክፍል ውስጥ ዋልን። ጥያቄ አለ ሲባል ሰባቱ ጠየቁ። እኔ ጥያቄዬን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ማክሰኞ

ከኦባ መንደር በላይ አንድ ትንሽ ጉሱኩ አለ። ቲኬት ቆራጭ የለው፣ ዘበኛ የለው፤ ከመንደሩ ሰው በቀር የሚያነሣው የለም። የአውሎ ነፋስ ዝናብ አንዱን ጎኑን ጥሎታል። ሥራ የምንማረው እዚያ ነበር። ስንደርስ የመንደሩ ሰዎች ከካቡ መሐል የበቀለውን ሣር ሊነቅሉ ወጥተዋል፤ አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው፣ ኦባም አለች። ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለኔ ተባብለው የሚሠሩትን ሥራ ዩይማሩ ይሉታል። የኛው ዳጎ፣ ደቦ ማለት ነው። ማንም ሳይጠራኝ አጠገባቸው ተንበርክኬ መንቀል ጀመርኩ። ያ የማውቀው ሥራ ነበር።

አስተማሪያችን ቺነን የሚባሉ ወደ ሰማንያ የተጠጉ ግንበኛ ናቸው። የምሳ ሰዓት ሲሆን አብዛኛው ሰው ወደ ዛፉ ጥላ ሄደ። እኔ በሰው መሐል መብላት ስለሚከብደኝ ካቡን ይዤ ብቻዬን ተራመድኩ። ከተናደው ጎን ሥር ድንጋዮች ሣሩ ላይ ተበትነዋል። ከኬላ የወደቀ ድንጋይ አይታለፍም፤ አባቴ ያሳደገን እንዲያ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እንኳ የወደቀ ካየሁ አንሥቼ ከቦታው ሳልመልስ አላልፍም ነበር። ሳላስበው ጎንበስ አልኩ። አንዱን አነሣሁ፣ የሚገባበትን ክፍተት ፈለግሁ፣ አስገባሁት። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። እጄን በሣር ጠራርጌ ተመለስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ቺነን ትምህርቱን ጀመሩ። የወደቀ ድንጋይ በወደቀበት ቦታ ይቆያል፤ ወድቆ ያረፈበት ቦታ ካቡ እንዴት እንደተናደ ይናገራል፤ ስለዚህ ተለክቶ እስኪሣል ማንም አይነካውም። ቁጥራቸውም የድንጋዩ መልክ እንዳይበላሽ በሳቸው ደብተር ብቻ ነው የተያዘው። ይህን ማዮ ስትተረጉም ዓይኔ ካስገባኋቸው ድንጋዮች ላይ ነበር።

ሽማግሌው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ በዝግታ «ሦስት ጎደለ» አሉ።

 በምሳ ሰዓት ካቡን ተደግፎ ስልክ ሲያወራ የነበረ አንድ ባልደረባችን አለ፤ ዓይን ሁሉ ወደሱ ዞረ። እሱም «እኔ አልነካሁም» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ስለዚህ በሰው መሐል አልፌ ሄድኩና መዳፌን በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ አደረግሁ። ቀጥሎ በሁለተኛው፣ ቀጥሎ በሦስተኛው።

ቺነን አጠገቤ መጥተው ቆሙ። የተባባልነው ሁሉ በማዮ በኩል ነው።

«ለምን?»

«በአገሬ የወደቀ አይታለፍም።»

«የት የት እንደነበሩ ታስታውሻለሽ?»

አስታውስ ነበር። ድንጋይ ከተነሣበት ሥር ሣሩ ቢጫ ይሆናል፤ እያንዳንዱን አሳየኋቸው። በጣታቸው እርጥቡን አፈር ነክተው ቦታውን አረጋገጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ያበቃ መሰለኝ። እሳቸው ግን ወደ ካቡ ተመልሰው ያስገባኋቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ አዩ፤ በመዶሻቸው እጀታ ቀስ አድርገው መቱ። ከዚያ አንዱን ይዘው ሳቡት። እንደ ጥርስ ወለቀ።

«ድንጋዩን ማን መረጠልሽ?»

«ራሴ።»

«ለክፍተቱ የተፈጠረ ነው። ከመቶ ድንጋይ ይህን አንድ ማንሣት ተማሪዎቼ ዓመት ይፈጅባቸዋል።» ድንጋዩን አዙረው አሳዩኝ። «አቀማመጡን ግን አታውቂም። ረጅሙን ጎን ለሰው እንዲታይ ወደ ውጭ አደረግሽው። ረጅሙ ጎን ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ካቡን የሚይዘው የማይታየው ነው። መምረጥ የሚያውቅ፣ ማስቀመጥ የማያውቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እንዴት ሆነ?»

ይህን ለማስረዳት ብዙ መናገር ነበረብኝ፤ ተናገርኩ። እኛ ዘንድ ካብ ላይ ወጥቶ የሚክበው ወንድ ነው። ሴት ልጅ ከታች ሆና ታቀብላለች። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ለአባቴ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ዞሮ አያይም፤ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል። ያልሆነ ድንጋይ ካቀበልኩት ይመልስልኛል፤ ስለዚህ እንዳይመልስብኝ ክፍተቱን ከሱ ቀድሜ ማየት ለመድኩ። ከታች ስለምቆም ግን የማየው ፊቱን ብቻ ነው። ድንጋዩ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ አይቼ አላውቅም።

«ከኋላው ምን ያደርጋል አባትሽ?»

«ጠጠር። በእጁ እየደረደረ።»

«አይወረውረውም?»

«አይወረውርም። ‹የተወረወረ ጠጠር እንግዳ ነው፤ የተቀመጠ ጠጠር ቤተሰብ ነው› ይላል።»

ማዮ ስትተረጉምላቸው እንድትደግመው አደረጓት። ከዚያ ራቅ ብለው የቆሙትን ሁለት ተማሪዎቻቸውን ጠርተው ለነሱም አስደገሙላቸው። የአባቴን ስም ጠየቁኝ። «አንጁሎ» አልኩ። «አንጁሎ» አሉ፣ ቀስ አድርገው። አባቴ ከጉኑኖ ወዲያ ስሙን የሚያውቅለት ሰው ብዙ አይደለም። ያን ቀን በምሥራቅ ባሕር ዳር ስሙ ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ እኔ ያንን ስሰማ አንገቴን ቀና አደረግሁ።

«እንዲህ ያለ አባት እያለሽ ታዲያ እዚህ ምን ልትማሪ መጣሽ?»

ስለ ወረቀቱ ነገርኳቸው። ሲሚንቶውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን አልደበቅሁም። መንገድ መሩኝና ከጉሱኩ ጀርባ ወዳለ ጥግ ወሰዱኝ። እዚያ ሁለት ሜትር ያህል ካብ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወደ ፊት ተገፍቷል። በድንጋዮቹ መሐል የተሞላው ሲሚንቶ ውኃውን ከልክሎት፣ ውኃው ጎን ለጎን ሄዶ ደህናውን ካብ ሰንጥቆታል።

«ማን ሠራው?» አልኩ።

«እኔ። ሠላሳ ዓመቴ ነበር፤ ሲሚንቶ ለካብ አዲስ ነበር፤ ሁሉም አመሰገነኝ።» ጥቁሩን የውኃ መንገድ በጣታቸው ተከተሉት። «አፍርሼ መሥራት እችላለሁ። የተውኩት እያንዳንዱን ተማሪ እዚህ ስለማመጣ ነው። አንቺን ግን ዕድል ቀድሞሻል። ያንቺው ገና ወረቀት ነው።»

ረቡዕ

በጠዋት ኦባ ወደ ጉሱኩ ይዛኝ ወጣች፤ ማዮም አብራን ነበረች። መሐሉ ላይ ትንሽ ደን አለ፤ ሴቶች የሚጸልዩበት ነው፣ ወንድ አይገባበትም። ቺነን ባርኔጣቸውን አውልቀው ከደኑ አፍ ላይ ቆመው ቀሩ።

ኦባ በሳቅ «ሃምሳ ዓመት ዙሪያውን ካበ፤ ውስጡን ግን አያውቀውም» አለች። ወደሳቸው ዞር ብላም «ምን ያለ ይመስልሃል?» አለቻቸው።

«አንድ ዛፍና ጥቂት ድንጋይ ነው ይሉኛል» አሉ ሽማግሌው።

«እንደዚያ ይምሰለው» አለችን ኦባ፣ ገና ሳንርቅ።

ያየሁትን አልጽፍም፤ ኦባ አምናኝ ነው ያስገባችኝ። እኔ የራሴ እምነት አለኝ፤ ዳር ቆሜ ጠበቅኋት። ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። እኛ ዘንድ ካቡ ላይ ሴት አትወጣም፤ እዚህ ደግሞ ካቡን የሠራው ሰው ከካቡ ውስጥ ይከለከላል። ስንወጣ ቺነን አሁንም እንደቆሙ ነበር፤ ለኦባ እጅ ነሱ። በዚህ ቅር የተሰኙ አይመስሉም።

ሐሙስና ዓርብ

ሁለቱን ቀን ለቺነን አቀበልኩ። እጃቸውን ወደ ኋላ ሲዘረጉ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ዓርብ ከሰዓት ወርደው እኔን አወጡኝና ከታች ሆነው ያቀብሉኝ ጀመር። የመጀመሪያውን ድንጋይ ሳስቀምጥ «ረጅሙ ጎን» አሉኝ በጃፓንኛ፤ ቃሉን እስከዚያ ድረስ ለምጄዋለሁ። ማታ ስንሰነባበት ቺነን አንድ ጥያቄ ለአባቴ ላኩ፦ ካብ ሲጠመዘዝ የሚጀምረው ከየትኛው ወገን ነው? ኦባ ደግሞ ለመንገድ የቀቀለችውን ስኳር ድንች በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። በወላይትኛ አመሰገንኳት፤ ገብቷታል።

ሰኞ፣ ጉኑኖ

ቅዳሜና እሑድ በአየር ላይ አለቁ። ሰኞ ወደ ማታ ላይ ጉኑኖ ደረስኩ። «ሳሮ» ተባብለን ሰላምታውን ሳንጨርስ አባቴ ጠየቀኝ።

«ድንጋያቸው ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ። ቀዳዳ የበዛበት። ከባሕር የወጣ።»

«ይቀላል?»

«ከኛው ይቀላል።»

«ውኃውስ በየት ይወጣል?»

ነገርኩት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። የሽማግሌውን እጅ በጣቱ አስፍቶ ተመለከተና «ይንቀጠቀጣል?» አለኝ። «ድንጋይ ሲይዝ አይንቀጠቀጥም» አልኩት። ያንን ወደደው። ከዚያ ያስቀመጥኳትን ድንጋይ ታሪክ ስነግረው ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ።

«ረጅሙን ጎን ወደ ውጭ? በሰው አገር?» አለ። «‹የማን ልጅ ነሽ› አላሉሽም?»

«ብለውኛል። ስምህን ተናግሬያለሁ።»

«አሳፈርሽኝ በይ።» እየሳቀ ነው።

የቺነንን ጥያቄ አቀረብኩለት። «ከታችኛው ወገን ነዋ» አለ። «ውኃው ከሚሄድበት። ሌላ ከየት ይጀመራል?» ለማዮ ጽፌ ላክሁ። መልሱ ቶሎ መጣ፤ ቺነን «እኔም» ብለዋል። አባቴ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ደጁን ዞሮ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው ያልኩት። «አባ፣ ተሳስቻለሁ። ሲሚንቶው ኬላውን ይገድለዋል።»

«ወረቀቱ ያንቺ ነው» አለኝ። «እኔ እጄን አውጥቻለሁ፤ አላወርደውም። ሰው ፊት ልጄን አልከራከርም። የምታወርጂው ከሆነ አንቺ አውርጂው።»

ማክሰኞ

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ደረስኩ። አቶ ማርቆስ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ «እንኳን ደህና መጣሽ፤ መስመሯን ጨመርሽ?» አሉኝ።

«ወረቀቱን ልመልሰው ነው» አልኩ። «ያለ ሲሚንቶ መጻፍ አለበት።» ምክንያቱን ነገርኳቸው፤ የቺነንን የተሰነጠቀ ካብ ፎቶ አሳየኋቸው። ረዥም ጊዜ አዩት።

«ይሁን» አሉ። «ጃፓኖቹ እንዲህ አሉ ብለሽ ጻፊና ያልፋል።»

እንደሚያልፍ አውቃለሁ። «ጃፓኖቹም ብለዋል» አልኩ። «መጀመሪያ ያለው ግን የጉኑኖ ሰው ነው። ሥራውን የሚመራውም እሱ ቢሆን ነው የምለው።»

«ማን ነው?»

«አንጁሎ።»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ ሳቀ። «አባትሽ?» አሉ አቶ ማርቆስ። «አባቷን ልታስቀጥር ነው ይሉሻል እኮ፣ ምሕረት።»

«ይበሉ። ወስጄ ያልወደቀውን ኬላ አሳያቸዋለሁ፤ እሱ የጠገነውን።» ፊቴ ይነድ ነበር፤ ድምፄ ግን አልጠፋም።

አቶ ማርቆስ አዲስ ቅጽ ከመሳቢያ ሳቡ። የባለሙያው ስም ከሚለው ፊት ለፊት የአባቴን ስም ጻፉ። የትምህርት ደረጃ ከሚለው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ። «እዚህስ ምን ልበል? ባዶ ከሆነ ይመልሱታል።»

«የኔን ይጻፉለት» አልኳቸው። «ያስተማረኝ እሱ ነው።»

 አቶ ማርቆስ አንዴ አዩኝና «ከልጁ እኩል» ብለው ጻፉ። ፈርመው ሰጡኝ። ቅጹን ይዤ በመተላለፊያው እስከ ጫፍ ሄድኩና ስለ ሲሚንቶ የነገረኝን መሐንዲስ በር አንኳኳሁ።